ቨርቹዋል ማሽን ከቪኤምዌር ወደ ፕሮክስሞክስ ስታዛውሩ፦ ዋናው ሥራ ማሽኑ ከመዘጋቱ በፊት ነው

"ከቪኤምዌር ወጥተን ወደ ፕሮክስሞክስ መግባት እንፈልጋለን፤ ግን ማሽኖቹ ሳይበላሹ ይሄዳሉ ወይ?" የአይቲ ሥራ ላይ ያሉ ጓደኞቼ ይህን ደጋግመው ይጠይቁኛል። ይሄዳሉ። ቪኤምዌርም ፕሮክስሞክስም በአንድ ሰርቨር ላይ ብዙ ቨርቹዋል ማሽኖችን፣ ማለትም በሶፍትዌር የተሠሩ ኮምፒውተሮችን፣ የሚያስኬዱ ናቸው። እኔ አዲስ አበባ ባለ አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ሲስተም አድሚን ነኝ። የፋይናንሶቹ ፒችትሪ ያለበት ዊንዶውስ ሰርቨር፣ የፋይል ሰርቨሩ፣ ጥቂት ሊኑክስ ማሽኖች፣ አንድ አሮጌ የመጋዘን ሲስተም፣ ሁሉም ኢኤስኤክስአይ (ቨርቹዋል ማሽኖችን የሚያስኬደው የቪኤምዌር ሲስተም) ላይ ነበሩ። ዛሬ ሁሉም ፕሮክስሞክስ ላይ ይሠራሉ።

ከዚህ ሥራ የያዝኩት ነገር አንድ ነው። ዲስኩን መገልበጥ ቀላሉ ክፍል ነው። የሚያስቸግረው የተገለበጠው ሲስተም ሲነሳ ነው፤ የዲስክ መቆጣጠሪያው ሌላ፣ የኔትወርክ ካርዱ ሌላ፣ ፕሮሰሰሩም ሌላ ሆኖ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ከባዱን ሥራ ማሽኑ ገና በድሮ ቦታው በሰላም እየሠራ ሳለ ጨርሱት። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ለምን አሁን ሁሉም ሰው ስለ መውጣት እንደሚያወራ ታውቁታላችሁ። ብሮድኮም ቪኤምዌርን እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 ገዛ። በታኅሣሡ አንዴ ተገዝቶ ለሁልጊዜ የሚያገለግለው ላይሰንስ መሸጡ ቀረና በየጊዜው የሚከፈል ብቻ ሆነ። በ2024 መጀመሪያ ነፃው ኢኤስኤክስአይም ተቋረጠ፤ በ2025 ግን ተመልሷል። እኛ አገር ደግሞ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በዶላር የሚከፈል ማንኛውም ነገር በብር ሲመታ ቁጥሩ ሌላ ሆነ። ፕሮክስሞክስ መሠረቱ ኬቪኤም (ሊኑክስ ውስጥ ያለው የቨርቹዋል ማሽን ማስኬጃ) ነው፣ ኮዱ ክፍት ነው፣ ያለ ክፍያም ሙሉ በሙሉ ይሠራል። የሚከፈለው ለድጋፍ ነው። የቱ ይሻላል የሚለው ክርክር ለዛሬ ይቆየን፤ መዛወሩ ላይ እናተኩር።

መጀመሪያ እያንዳንዱን ማሽን መዝግቡ። የሚነሳው በባዮስ ነው ወይስ በዩኢኤፍአይ (አሮጌውና አዲሱ የማስነሻ ሥርዓት)? ስንት ዲስክ አለው? የኔትወርክ ካርዱ መለያ ቁጥር፣ ማክ አድራሻው፣ ስንት ነው? አይፒው በእጅ የተሞላ ነው ወይስ ከዲኤችሲፒ (አይፒ ከሚያድለው አገልግሎት) የሚመጣ? ይህ ወረቀት በኋላ ከምንም በላይ ይፈለጋል። በተለይ ማክ አድራሻው። አንዳንድ አሮጌ ሶፍትዌር ላይሰንሱን የሚያስረው በማክ አድራሻ ነው። የእኛ የመጋዘን ሲስተም እንደዚያ ነበር። ፕሮክስሞክስ ላይ ማክ አድራሻውን በእጅ መሙላት ስለሚቻል የድሮውን ሞላሁለትና ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኖ ተነሳ። አዲስ ማክ ቢሰጠው ኖሮ አምራቹን ፍለጋ እንገባ ነበር።

ስናፕሾት (የማሽኑ ሁኔታ በአንድ ቅጽበት የተያዘበት) ካለ አጥፉት። ቪኤምዌር ስናፕሾት ሲይዝ ዋናውን ዲስክ ያቆመውና አዲሱን ለውጥ ሌላ ፋይል ላይ ይጽፋል። ፋይሉ በስሙ መጨረሻ ላይ 000001 የመሰለ ቁጥር ስላለው ትለዩታላችሁ። ይህን ሳታዋህዱ ዋናውን ብቻ ይዛችሁ ከሄዳችሁ፣ የደረሳችሁት ማሽን ስናፕሾቱ በተያዘበት ቀን ላይ የቆመ ነው። ይነሳል፣ ይሠራል፣ ሁሉም ደህና ይመስላል፤ ከዚያ አንዱ የትናንቱን ፋይል ሲፈልግ የለም። ስናፕሾቱን ማጥፋት ማለት ለውጡን ወደ ዋናው ዲስክ ማዋሃድ ስለሆነ ዳታ ይጠፋል ብላችሁ አትፍሩ። ስናፕሾቱ ትልቅ ከሆነ ግን ጊዜ ይወስዳል፤ ማታ አድርጉት።

ከዚያ ማሽኑ ውስጥ የተጫነውን የቪኤምዌር ረዳት ሶፍትዌር፣ ቪኤምዌር ቱልስን፣ አራግፉ። ዊንዶውስ ላይ ይህን የግድ እዚያው ኢኤስኤክስአይ ላይ እያለ አድርጉት። ከተዛወረ በኋላ ማራገፊያው "እኔ የምሠራው ቪኤምዌር ላይ ብቻ ነው" ብሎ ችክ ይላል፣ ከዚያ ሬጅስትሪ እየቆፈሩ መልቀም ነው። ቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ ምስጠራ) የተከፈተበት ማሽን ካለ የማገገሚያ ቁልፉን ቀድማችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጡ፣ የተሻለው ደግሞ ምስጠራውን ለጊዜው ማጥፋት ነው። ቨርቹዋል ቲፒኤም በሚባለው የቁልፍ ማስቀመጫ ውስጥ ያለው ቁልፍ አብሮ አይሄድም።

ከዝግጅቱ ሁሉ ዋናው ግን ድራይቨር ነው፤ ሲስተሙ ከዕቃው ጋር የሚነጋገርበት ፕሮግራም ማለት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ኬቪኤም ላይ ዲስክና ኔትወርክ በጥሩ ፍጥነት እንዲሠሩ ቨርትአይኦ የሚባሉት ድራይቨሮች ያስፈልጋሉ። ዊንዶውስ እነዚህን ከራሱ ጋር ይዞ አይመጣም። ስለዚህ ዲስኩን ቨርትአይኦ ስካዚ በሚባለው የዲስክ መቆጣጠሪያ ላይ ሰክታችሁ ብታስነሱት ሰማያዊው ስክሪን ይመጣና "ኢንአክሰሲብል ቡት ዲቫይስ" ይላችኋል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ ዲስኩ ተበላሽቷል ብሎ ይደነግጣል። አልተበላሸም። ዊንዶውሱ የራሱን ዲስክ የሚያነብበት ድራይቨር ስለሌለው ነው።

ድራይቨሩን ቀድሞ መጫን ብቻውን ሁልጊዜ አይበቃም፤ ይህን ብዙዎች ይስቱታል። ዊንዶውስ ሲነሳ ቀድመው የሚጫኑ ድራይቨሮች ዝርዝር አለው፣ ድራይቨሩም እዚያ ዝርዝር ውስጥ የሚገባው ሲስተሙ ዕቃውን አንዴ በዓይኑ ሲያየው ነው። ስለዚህ የዊንዶውሱ ዲስክ ፕሮክስሞክስ ላይ ሲደርስ እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ዋናውን ዲስክ መጀመሪያ ሳታ (የተለመደው የዲስክ መሰኪያ ዓይነት) አድርጌ እሰካዋለሁ፤ ሳታን ዊንዶውስ ያለ ምንም ድራይቨር ያውቀዋል። ከጎኑ 1 ጊጋባይት የምታህል ባዶ ዲስክ ፈጥሬ እሷን ቨርትአይኦ ስካዚ ላይ እሰካለሁ። የቨርትአይኦውን አይኤስኦ (የሲዲ ምስል ፋይል) ሲዲ ላይ አስገብቼ አስነሳዋለሁ። ዊንዶውስ በሳታው ይነሳል፣ ድራይቨሮቹን ከሲዲው እጭናለሁ፣ ዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ ያቺ ትንሿ ዲስክ ብቅ ትላለች። ብቅ ካለች በቃ፣ ዊንዶውስ ዕቃውን አውቆታል ማለት ነው። አጠፋውና ትንሿን ዲስክ አስወግጄ ዋናውን ከሳታ ነቅዬ ስካዚ ላይ እሰካዋለሁ። የቡት ቅደም ተከተሉን ማስተካከል እንዳትረሱ፣ ዲስኩ ሲነቀል ከዝርዝሩ ይወጣል። ከዚያ ይነሳል። ይህን ባደረግኩበት ማሽን ላይ ሰማያዊ ስክሪን አይቼ አላውቅም።

የዊንዶውስ ኔትወርክም የራሱ ጣጣ አለው። አዲሱን ካርድ ሲያይ እንደ አዲስ ዕቃ ነው የሚቆጥረው፣ የድሮው ካርድ ግን ከነአይፒው ተደብቆ እዚያው ይቀመጣል። የድሮውን አይፒ አዲሱ ላይ ስትሞሉ "ይህ አድራሻ በሌላ ካርድ ተይዟል" ይላችኋል። ዲቫይስ ማኔጀር ገብታችሁ የተደበቁትን ዕቃዎች አሳይ በሉት፣ የደበዘዘውን ካርድ አራግፉት፣ አለቀ።

ሊኑክስ ይሻላል፤ ቨርትአይኦ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ውስጥ ስላለ። ኡቡንቱና ዴቢያን ዲስካቸውን ቨርትአይኦ ላይ ሰክቼ በቀጥታ ተነስተውልኛል። እነ ሮኪና ሴንቶስ ግን ሌላ ናቸው። እነሱ ቡት ሲያደርጉ የሚጠቀሙበትን ኢኒትራምኤፍኤስ የሚያዘጋጀው ድራከት የሚባለው ነው፤ ድራከት ደግሞ ቦታ ለመቆጠብ ሲል በዚያ ሰዓት ማሽኑ ላይ ያሉትን ዕቃዎች ድራይቨር ብቻ ያስገባል። ኢኤስኤክስአይ ላይ የተዘጋጀው ኢኒትራምኤፍኤስ ውስጥ ቨርትአይኦ የለም። ሲዛወር ዲስኩን ሲፈልግ ሲፈልግ ይቆይና የድራከት ጥቁር ስክሪን ላይ ይጥላችኋል። መፍትሔው ከመዛወሩ በፊት ድራከትን ለዚህ ማሽን ብቻ ሳይሆን ለማንኛውም ዕቃ እንዲያዘጋጅ ማዘዝ ነው፤ ኖ-ሆስትኦንሊ የሚለውን አማራጭ ሰጥቶ ለሁሉም ከርነሎች እንደገና ማሠራት ማለት ነው። ካዛወራችሁ በኋላ ከገጠማችሁም አይዟችሁ፤ የቡት ሜኑው ላይ ሬስኪው የሚለውን ከርነል ምረጡ። እሱ ሁሉንም ድራይቨር ስለያዘ አብዛኛውን ጊዜ ይነሳል፣ ከተነሳ በኋላ ያንኑ ትዕዛዝ እዚያው ትሰጡታላችሁ።

ሊኑክስ ላይ ሁልጊዜ የሚገጥመው የኔትወርክ ካርዱ ስም ነው። ቪኤምዌር ላይ ኢኤንኤስ160 ወይም ኢኤንኤስ192 ይባል የነበረው ፕሮክስሞክስ ላይ ኢኤንኤስ18 ይሆናል፤ የማሽኑን ዓይነት ኪው35 ካደረጋችሁት ደግሞ ኢኤንፒ6ኤስ18። የኔትወርኩ አቀማመጥ የሚጻፍበት የኔትፕላን ፋይል ግን የድሮውን ስም ነው የሚጠራው። ስለዚህ ማሽኑ ተነስቶ አይፒ የለውም፣ ከሩቅ በኤስኤስኤች አይገባም። በፕሮክስሞክስ ኮንሶል ገብቶ ስሙን መቀየር ነው። ብዙ ማሽን ካላችሁ ኔትፕላኑ ካርዱን በስም ሳይሆን በማክ አድራሻ እንዲለይ ቀድማችሁ ጻፉት፤ ማክ አድራሻውን እስከያዛችሁ ድረስ ስሙ ቢቀየር ግድ አይኖራችሁም። ሲነሳ የሚያያዙት ዲስኮች በሚዘረዘሩበት ፋይል፣ ኤፍኤስታብ ውስጥም ዲስክ በዩዩአይዲ (በቋሚ መለያው) ሳይሆን በኤስዲኤ፣ በኤስዲቢ የተጻፈ ካለ ቀይሩት።

አሁን ወደ ማዛወሩ። ከፕሮክስሞክስ 8.2 ጀምሮ ኢኤስኤክስአይን እንደ አንድ ስቶሬጅ ማስገባት ይቻላል። አድራሻውን፣ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ትሰጡታላችሁ፣ ማሽኖቹ ይዘረዘራሉ፣ አንዱን መርጣችሁ ኢምፖርት ትላላችሁ። የሚዛወረው ማሽን ግን ተዘግቶ መሆን አለበት። ቪሴንተር (ብዙ ኢኤስኤክስአይ በአንድ ቦታ የሚያስተዳድረው) ካላችሁ በእሱ በኩል አትሂዱ፤ በጣም ይንቀረፈፋል። በቀጥታ ኢኤስኤክስአይ ሆስቱ ላይ ግቡ። ዲስኩ እየተገለበጠ ማሽኑ እንዲነሳ የሚያደርግ ላይቭ ኢምፖርት የሚባል አማራጭም አለ። እኔ አልጠቀምበትም፣ እናንተም ባትጠቀሙ ደስ ይለኛል። መሃል ላይ ቢቋረጥ ማሽኑ ከተነሳ ወዲህ የተጻፈው ሁሉ ይጠፋል፤ መብራት መቼ እንደሚሄድ በማይታወቅበት አገር ይህ ቀልድ አይደለም።

ሁለቱ ሰርቨሮች የማይገናኙ ከሆነ ወይም ፋይሉ በውጫዊ ዲስክ ከመጣ በእጅ ነው የሚሠራው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ኢኤስኤክስአይ ላይ አንድ ዲስክ ሁለት ፋይል ነው። አንደኛው ጥቂት ኪሎባይት የማይሞላ የጽሑፍ ፋይል ነው፤ ስለ ዲስኩ መጠንና ዓይነት ይናገራል፣ ዳታው የት እንዳለም ይጠቁማል። ሁለተኛው በስሙ ውስጥ ፍላት የሚል ያለበት ትልቁ ነው፣ ዳታው እሱ ውስጥ ነው። ሁለቱንም አንድ ፎልደር ውስጥ አድርጉ፣ ፎርማቱን ለሚቀይረው መሣሪያ የምትሰጡት ግን ትንሹን ነው። ትልቁን ብትሰጡትና ቪኤምዲኬ (የቪኤምዌር የዲስክ ፎርማት) ነው ብትሉት "አላውቀውም" ይላል። ትንሹ ፋይል ጠፍቶባችሁ ከሆነም ተስፋ አትቁረጡ። ፍላት የሚለው ፋይል ጥሬ የዲስክ ምስል ስለሆነ ፎርማቱ ሮው ነው ብላችሁ ስትነግሩት ያነበዋል። ይህን ማወቅ ብቻ የአንድ ጓደኛዬን ማሽን መልሶለታል።

መቀየሪያው የኪውኢሙ ኢሜጅ መሣሪያ ነው፣ ፕሮክስሞክስ ላይ አብሮ አለ። የቪኤምዌሩን ቪኤምዲኬ፣ የቨርቹዋልቦክሱን ቪዲአይ፣ የማይክሮሶፍቱን የሃይፐር-ቪ ቪኤችዲኤክስ ሁሉ ያነባል። አስቀድማችሁ ባዶ ማሽን ፈጥራችሁ ዲስኩን ኪውኤም ዲስክ ኢምፖርት በሚባለው ትዕዛዝ ብታስገቡት ለብቻው መቀየርም አያስፈልግም፣ እዚያው እየቀየረ ያስገባዋል። የደረሳችሁ ፋይል ኦቪኤ (ሙሉ ማሽን በአንድ ፋይል) ከሆነ እሱ ያው ታር፣ ብዙ ፋይል የታሸገበት፣ ነው፤ ፈትታችሁት ውስጡ ያለውን ቪኤምዲኬ ታገኛላችሁ። ከ8.3 ጀምሮ ደግሞ ፕሮክስሞክሱ ራሱ ኦቪኤውን ከገጹ ላይ ይቀበላል።

ከሃይፐር-ቪ ለምትመጡ፣ ጀነሬሽን 1 ማለት ባዮስ ነው፣ ጀነሬሽን 2 ማለት ዩኢኤፍአይ። ፕሮክስሞክስ ላይ ለመጀመሪያው ሲባዮስ፣ ለሁለተኛው ኦቪኤምኤፍ ምረጡ። እዚህ ላይ ከተሳሳተ "ቡት የሚሆን ዲስክ የለም" ይላል እንጂ ዲስኩ ምንም አይሆንም፤ ቀይራችሁ ማስነሳት ነው። ዩኢኤፍአይ የሆነ ሊኑክስ አንዳንዴ ትክክለኛው ተመርጦም አይነሳም፤ ቡት የሚደረገው ፋይል የት እንዳለ የተመዘገበው በድሮው ማሽን ሚሞሪ ላይ ስለነበረ ነው። ሲነሳ ኢስኬፕ ተጭናችሁ ዩኢኤፍአይ ሜኑ ውስጥ ግቡና ከፋይል አስነሳ የሚለውን ምረጡ፣ ኢኤፍአይ ፎልደር ውስጥ የግረቡን (የሊኑክስ ማስነሻውን) ፋይል ታገኙታላችሁ። ከዚያ ለዘለቄታው መመዝገብ ነው።

ፕሮሰሰሩን በተመለከተ፣ ሮኪ 9 እና መሰሎቹ ኤክስ86-64-ቪ2 የሚባለውን ደረጃ ይጠይቃሉ። ፕሮክስሞክስ 8 በራሱ ይህን ስለሚሰጥ ችግር የለም። በድሮው ፕሮክስሞክስ ላይ የተፈጠረ ማሽን ግን ፕሮሰሰሩ ኬቪኤም64 ሊሆን ይችላል፣ እዚያ ላይ አይነሱም። አንድ ሰርቨር ብቻ ካላችሁ ሆስት የሚለውን ብትመርጡ የተሻለ ፍጥነት ታገኛላችሁ፤ ብዙ የተለያዩ ሰርቨሮች ካሏችሁና ማሽኑ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዘዋወር ከሆነ ይቅርባችሁ።

ስለ ጊዜ አስቀድማችሁ አስሉ። 1 ጊጋቢት ኔትወርክ ጥሩ ቢሆን በሰከንድ 110 ሜጋባይት ገደማ ያሳልፋል፤ 500 ጊጋባይት ዲስክ ከአንድ ሰዓት ከሩብ በላይ ይፈጃል። መሃል ላይ ያለው ስዊች 100 ሜጋቢት ከሆነ ግን ያው ዲስክ ከ12 ሰዓት በላይ ይወስዳል። ብዙ ቢሮ ውስጥ ጥግ ላይ የተረሳ እንዲህ ያለ ስዊች አለ፤ ሥራው ከመጀመሩ በፊት የሊንኩን ፍጥነት እዩ፣ ካልሆነ ሁለቱን ሰርቨሮች በአንድ ኬብል በቀጥታ አገናኟቸው። ዩፒኤሱም ይህን ሁሉ ሰዓት የሚችል ይሁን፣ ወይም ጄኔሬተሩ ነዳጅ ይኑረው። ግልበጣው መሃል ላይ ከተቋረጠ ከዜሮ ነው የሚጀምረው።

አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር አለች፦ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ዓይነት። ፕሮክስሞክስ ላይ ማሽን ሲፈጠር ዊንዶውስ ነው ወይስ ሊኑክስ ተብሎ ይሞላል። ብዙ ሰው ለመልክ ይመስለዋል። ዊንዶውስ የሃርድዌሩን ሰዓት የአካባቢው ሰዓት ነው ብሎ ያነባል፣ ሊኑክስ ደግሞ እንደ ዓለም አቀፉ። ዓይነቱ ሌላ ተብሎ ከተሞላ ዊንዶውሱ አዲስ አበባ ላይ ልክ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። አንድ የማውቀው ልጅ ጋ የሆነው ይኸው ነው። ከሰዓት በኋላ በ8 ሰዓት የፋይናንስ ኃላፊዋ ደውለው "ልጄ፣ ይኼ ኮምፒውተር ገና ረፋድ 5 ሰዓት ነው ይለኛል እኮ፣ ደረሰኙን እንዴት ልቁረጥ?" አሉት። ዓይነቱን ዊንዶውስ ብሎ አጥፍቶ ሲያስነሳው ተስተካከለ። ዶሜይን (የድርጅቱ የጋራ መግቢያ ሥርዓት) ውስጥ ያለ ማሽን ከሆነ ደግሞ ይብሳል፤ የሰዓት ልዩነቱ ከ5 ደቂቃ ሲበልጥ መግባትም ሊከለክል ይችላል።

ስለ ዶሜይን ካነሳን፣ እሱን የሚያስተዳድረውን ሰርቨር፣ ዶሜይን ኮንትሮለርን፣ እኔ አላዛውርም። ፕሮክስሞክስ ላይ አዲስ ዊንዶውስ ሰርቨር ጭኜ፣ እሱን ሁለተኛ ኮንትሮለር አድርጌ፣ ሁለቱ ተመሳስለው ሲጨርሱ ኃላፊነቶቹን ወደ አዲሱ አሻግሬ የድሮውን በሥርዓቱ አሰናብታለሁ። ሥራው ትንሽ ይረዝማል፣ ግን ተጠቃሚ አንድም ደቂቃ አይቋረጥበትም፣ የድሮ ዲስክ በስህተት ተነስቶ የተጠቃሚዎቹን መዝገብ፣ አክቲቭ ዳይሬክተሪውን፣ የሚያበላሽበት ዕድልም የለም።

ለሌሎቹ ማሽኖች ደግሞ፣ አዲሱ ሲነሳ የድሮው ማሽን የኔትወርክ ካርድ ኢኤስኤክስአይ ላይ መነቀሉን አረጋግጡ። አይፒውም ማክ አድራሻውም አንድ ነው። ሰርቨሩ መብራት ሄዶ ሲመለስ የድሮው ማሽን በራሱ የሚነሳ ከሆነ ሁለቱ ይጋጫሉ፣ ሰውም ግማሹ እዚህ ግማሹ እዚያ ይጽፋል። በራስ የመነሳቱን አማራጭም አብራችሁ ዝጉት።

ማሽኑ ተነስቶ ሥራ ከጀመረ በኋላ የኪውኢሙ ጌስት ኤጀንትን ጫኑለት፣ ፕሮክስሞክሱ ላይም አብሩት፤ ባክአፕ በሚወሰድበት ሰዓት ዲስኩን አረጋግቶ የሚያስይዘው እሱ ነው። ዲስኩ ላይ ዲስካርድ የሚለውን አብርታችሁ ሊኑክሱ ላይ ኤፍኤስትሪም ብታሠሩ ባዶው ቦታ ወደ ስቶሬጁ ይመለሳል፤ ስቶሬጁ ቲን (የተጻፈበትን ያህል ቦታ ብቻ የሚይዝ) ከሆነ ማለቴ ነው። ዊንዶውሱ እንደገና አክቲቬት አድርጉኝ ሊል ስለሚችል ቁልፉ በእጃችሁ ይሁን።

ቅደም ተከተሉ ላይ የእኔ ምርጫ፣ መጀመሪያ ማንም የማይነካው የሊኑክስ ማሽን፣ ከዚያ የፋይል ሰርቨሩ፣ መጨረሻ ፒችትሪው። ፒችትሪውን ዓርብ ማታ አዘዋውሬ ቅዳሜ ጠዋት አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ መጥታ የደንበኞችን ቀሪ ሒሳብ ከታተመው ጋር እንድታስተያይ አደረግኩ። ሲስተሙ መነሳቱን እኔ ማየት እችላለሁ፤ ቁጥሩ ልክ መሆኑን የምታውቀው ግን እሷ ናት። የድሮው ማሽን ጠፍቶ፣ ካርዱ ተነቅሎ፣ እዚያው ቢያንስ አንድ የወር መዝጊያ እስኪያልፍ ይቀመጥ። ከመሰረዙ በፊት ደግሞ ከአዲሱ ማሽን የተወሰደ አንድ ባክአፕ በሌላ ስም መልሳችሁ አስነሱና እዩት፤ ስትሞክሩት ኔትወርኩን አታገናኙት።